ፋየርፎክስ በየት በኩል ገባ?

በኤፕሪል 2022 ከሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከብዙ ተጠቃሚዎች የተሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነበር፦ ፋየርፎክስ ለመከፈት ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ በተለይ ማሽኑ አሮጌ፣ ዲስኩም ዘገምተኛ ከሆነ፣ ሰው “አልነካሁት ይሆን?” ብሎ ሁለተኛ ጊዜ እስኪጫነው ድረስ ያስጠብቅ ነበር። የለመደውን መፍትሔ የሞከረ ደግሞ ይበልጥ ግራ ተጋባ። ተርሚናል ከፍቶ፣ ብራውዘሩን አጥፍቶ፣ በተለመደው የፕሮግራም መጫኛ በአፕት መልሶ ሊጭነው ሲል አፕት ሳያንገራግር ይታዘዛል፤ የሚያመጣው ዴብ የተባለው ጥቅል ግን ውስጡ ብራውዘር የለም። የጥቅሉ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ስናፕ የተባለውን ሌላ ሥርዓት ጠርቶ ፋየርፎክስን በዚያ በኩል ማስገባት። ሰውየው የጠየቀው አንድ ነገር፣ ያገኘው ሌላ፤ በመካከሉ ግን “ይህን ልለውጥብህ ነው” ብሎ በግልጽ የጠየቀው የለም።

ከውጭ ላየው ይህ የሊኑክስ ወዳጆች የተለመደ ንትርክ ይመስላል። ክርክሩም በአብዛኛው የሚካሄደው በቴክኒክ ቋንቋ ነው፤ የትኛው ፎርማት ይፈጥናል፣ የትኛው ቦታ ይቆጥባል፣ የትኛው ለደኅንነት ይሻላል። እኔ ግን የነገሩ እምብርት ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ፕሮግራሙን በሠራውና በሚጠቀምበት ሰው መካከል ማን ይቆማል? ማን ይመረምረዋል፣ ማን ያዘምነዋል፣ መቼ እንደሚዘመንስ ማን ይወስናል? ባለፉት ዐሥር ዓመታት በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ የተካሄደው ይህ ሥልጣን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የተሻገረበት ሂደት ነው። ሽግግሩ በስውር በተካሄደ ቁጥር ደግሞ ወጪው የወደቀው ተጠቃሚው ላይ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። ኢያን መርዶክ የኡቡንቱ መሠረት የሆነውን የዴቢያንን ፕሮጀክት በ1993 ሲጀምር ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም መጫን ማለት ብዙውን ጊዜ የምንጭ ኮዱን አምጥቶ በገዛ ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነበር። የጎደለ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ካለ ፈልጎ ማምጣት፣ ሲያልቅም ከየቦታው በእጅ ለቅሞ ማጥፋት የባለቤቱ ዕዳ ነው። ዴቢያን በዲፒኬጂ፣ ሬድ ሃት በአርፒኤም ይህን ሸክም አቃለሉት። ተጠናቅቆ የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ለመሥራት ምን ምን ሌሎች ጥቅሎች እንደሚያስፈልጉት ከሚናገር ዝርዝር ጋር በአንድ ፋይል ታሽጎ መጣ። ያንን ዝርዝር አንብቦ የጎደለውን ሁሉ በራሱ የሚያወርደው አፕት ከዴቢያን 2.1 ጋር በ1999 ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ምሉዕ ሆነ። አፕል ለአይፎን የመተግበሪያ መደብር የከፈተው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

የዚህ ሥርዓት ብልሃት መጋራት ነው። የእድር ዕቃን ያህል የሚመስለው የለም፦ ድንኳኑም ብረት ድስቱም የጋራ ነው፤ ድስቱ ቢሸነቆር አንድ ጊዜ ከተበየደ ለሁሉም ተበየደ፤ መጠኑን ግን ማንም ለብቻው ለራሱ ድግስ ሊለውጠው አይችልም። ሥዕል የሚከፍት ወይም መረጃ የሚመሰጥር ላይብረሪ አንድ ጊዜ ይጫናል፣ መቶ ፕሮግራም ይጠቀምበታል። ቀዳዳ ሲገኝበት አንድ ጥቅል ማዘመን መቶውን ፕሮግራም ያድናል። በአንጻሩ ሁሉም ፕሮግራም በዚያው በአንዱ እትም መሥራት አለበት። አዲስ የወጣ የቪዲዮ ማቀናበሪያ አዲስ ላይብረሪ ከፈለገ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ አሮጌው እትሙ ይጫናል።

መጠበቁ ደግሞ ረጅም ነው። ዴቢያን የተረጋጋ እትሙን የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው። ኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ላለው እትሙ አምስት ዓመት የደኅንነት ጥገና ይሰጣል፤ የአብዛኛው ፕሮግራም ባሕርይ ግን እትሙ በወጣበት ቀን እንደነበረ ይቆማል። ለባንክ ሰርቨር ይህ በረከት ነው። ለዴስክቶፕ ተጠቃሚ ግን ጓደኛው ዊንዶውስ ላይ የሚጠቀመውን ፕሮግራም የሦስት ዓመት አሮጌ እትም መያዝ ማለት ነው። ለፕሮግራሙ ሠሪም አይመቸውም። ኤክስስክሪንሴቨር የተባለው የስክሪን መቆለፊያ ደራሲ ጄሚ ዛዊንስኪ ከዓመታት በፊት ያስተካከላቸውን ስሕተቶች የዴቢያን ተጠቃሚዎች ደጋግመው ሲያመለክቱበት ቢመረው፣ እትሙ ሲያረጅ የሚያስጠነቅቅ መልእክት ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ፤ በ2016 ነገሩ ሲጋጋል ዴቢያንን “ወይ አዘምኑት ወይ አውጡት” እስከ ማለት ደረሰ። ሊነስ ቶርቫልድስም የሊኑክስን ከርነል የፈጠረ ሰው ሆኖ ሳለ በ2014 ፖርትላንድ ላይ በተካሄደው የዴቢያን ጉባኤ ተመሳሳይ ብሶት አሰምቷል። ለባሕር ጠላቂዎች ሰብሰርፌስ የተባለ ፕሮግራም የጀመረው እሱ ነው። ለዊንዶውስና ለማክ የተዘጋጀ ፋይል ማውጣት ሲቻል ለሊኑክስ ግን ለየዲስትሮው (ለየሊኑክስ ዓይነቱ)፣ ለየእትሙ ለብቻ ማዘጋጀት የማይቀመስ ሥራ እንደሆነ ለአዘጋጆቹ ፊት ለፊት ነገራቸው።

መልሱ በአንድ ጊዜ ከብዙ ወገን መጣ። የኡቡንቱ ሠሪ ካኖኒካል በ2014 መጨረሻ ለአነስተኛ መሣሪያዎችና ለሰርቨሮች ያስተዋወቀውን ስናፕን በ2016 ከኡቡንቱ 16.04 ጋር ወደ ዴስክቶፕ አመጣው። በዚያው ዓመት የሬድ ሃቱ አሌክሳንደር ላርሰን ኤክስዲጂ-አፕ እያለ ሲገነባው የቆየው ሥራ ስሙን ለውጦ ፍላትፓክ ተባለ። ከሁለቱም የሚቀድመው አፕኢሜጅ ነው፤ መነሻው ሳይመን ፒተር በ2004 ክሊክ ብሎ የጀመረው ፕሮጀክት ነው። ሦስቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ሁሉ ወይም አብዛኛውን ይዞ ይምጣ፣ የዲስትሮው ላይብረሪ ያርጅ አይርጅ አይመልከተው። ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

አፕኢሜጅ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ ፋይል ታወርዳለህ፣ እንዲሠራ ፈቃድ ትሰጠዋለህ፣ ትከፍተዋለህ። የሚጭነው የለም፣ የሚያዘምነውም በአብዛኛው የለም፤ አሮጌው ፋይል በዳውንሎድ ማኅደር ውስጥ ሦስት ዓመት ቢቀመጥ የሚነካው የለም። ቀላልነቱም ቢሆን ከሥሩ የቆመበት ነገር አለ። ኡቡንቱ 22.04 አፕኢሜጅ ለመከፈት የሚያስፈልገውን አሮጌ የፊውዝ ላይብረሪ ከዋናው ጭነት ሲያስወጣ ብዙ አፕኢሜጆች ሲነኩ ምንም የማይሉ ፋይሎች ሆኑ። ተርሚናል ያልከፈተ ሰው የስሕተቱን መልእክት እንኳ አያይም። “በየትም ይሠራል” የተባለ ነገር በዓለም እጅግ በታወቀው ዴስክቶፕ ሊኑክስ ላይ ዝም ሲል ነገሩ ያሳፍራል። ለሙከራ፣ ከፕሮግራሙ ሠሪ ገጽ ብቻ ለወረደና ለአንድ ሰሞን ለሚያስፈልግ ነገር ጥሩ ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ አልመክረውም።

ስናፕና ፍላትፓክ ግን ሙሉ ሥርዓት ናቸው፤ የየራሳቸው መደብር፣ የየራሳቸው ማዘመኛ፣ ፕሮግራሙን ከቀረው ኮምፒውተር የሚያጥሩበት የየራሳቸው አጥር አላቸው። ስናፕ የታመቀ አንድ ፋይል ነው፤ ሲከፈት እንደ ተሰካ ዲስክ ሆኖ ይነበባል። የፋየርፎክስ መዘግየት አንዱ ምክንያትም ይህ ነበር፤ ከታመቀው ፋይል ውስጥ እየፈታ ያነባል። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት፣ ካኖኒካልና የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ በ2022 በተከታታይ ባደረጉት ማስተካከያ ፍጥነቱ በጣም ተሻሽሏል። ዛሬ “ስናፕ ቀርፋፋ ነው” ብሎ የሚከራከር ሰው የድሮ ክስ ይዞ የቆመ ነው።

ያልተሻሻለው ሌላው ነው። ዴብን ማንም በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያከማች ይችላል፤ የፍላትፓክ ማከማቻም እንዲሁ፤ ፌዶራ የተባለው ዲስትሮ ከታወቀው የፍላትፓክ መደብር ከፍላትሃብ ውጭ የራሱ አለው። የስናፕ መደብር ግን አንድ ነው፣ የካኖኒካል ነው፣ የሰርቨሩ ኮድም ዝግ ነው። በተጠቃሚው ማሽን ላይ ያለው ክፍል ኮዱ ክፍት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተው የሊኑክስ ሚንት መሪ ክሌመንት ለፌቭር በ2020 የተነሣው በዚህ ላይ ነው። ኡቡንቱ ከ19.10 ጀምሮ ክሮሚየም ብራውዘርን ባዶ ዴብ አድርጎ ወደ ስናፕ ሲመራው፣ ሚንት ነገሩን ሳይፈቅዱለት ኮምፒውተሩን ከሌላ መደብር ጋር የሚያገናኝ ስውር በር አድርጎ ቆጠረው። ሚንት 20 ሲወጣ አፕት ስናፕን በራሱ እንዳይጭን ተከለከለ፤ የፈለገ ክልከላውን አንሥቶ መጫን ይችላል። ሚንት ክሮሚየምን ራሱ በዴብ ማዘጋጀት ጀመረ። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ክሮሚየምን ኮምፓይል ማድረግ ጠንካራ ማሽንን እንኳ ለሰዓታት ያስይዛል።

የካኖኒካልም መልስ የሚናቅ አይደለም። ያንን ከባድ ብራውዘር ድጋፍ ላለው ለእያንዳንዱ የኡቡንቱ እትም ለየብቻ ማዘጋጀት፣ የደኅንነት ጥገና በወጣ ቁጥር ደግሞ መድገም የሰው ኃይል ይበላል። በስናፕ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁሉም ይደርሳል። ፋየርፎክስ ወደ ስናፕ የሄደውም ከሞዚላ ጋር በስምምነት ነው፤ አዲሱ እትም በመካከል ሳይዘገይ ከሠሪው በቀጥታ ለተጠቃሚው እንዲደርስ። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ያው ሞዚላ በጃንዋሪ 2024 ከፋየርፎክስ 122 ጀምሮ የራሱን የአፕት ማከማቻ ከፍቶ ዴብ ማቅረብ ጀምሯል። ከሠሪው በቀጥታ ለማድረስ ስናፕ የግድ እንዳልነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ካኖኒካል የሚወደውን ፎርማት መምረጥ መብቱ ነው፤ ኡቡንቱን የሚሠራው እሱ ነው። ስናፕን ነባሪ ማድረጉም፣ በፌብሩዋሪ 2023 ኩቡንቱንና ዙቡንቱን የመሳሰሉት የኡቡንቱ ቤተሰቦች ከ23.04 ጀምሮ ፍላትፓክን በነባሪነት እንዳያካትቱ መስማማታቸውም የምርት ውሳኔ ነው፤ ፍላትፓክን ራሱ መጫን የከለከለ የለም። እኔ የምቃወመው ባዶውን ዴብ ነው። አፕት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው መሣሪያ ነው፤ የታመነው የጠየቁትን ስለሚያመጣ ነው። “ይህ ፕሮግራም በዴብ የለም፤ በስናፕ ልጫነው?” የሚል የአንድ መስመር ጥያቄ ይህን ሁሉ ቁጣ ባበረደ ነበር።

ፍላትፓክስ? እዚያም ቢሆን ንጹሕ ውኃ የለም። ሥርዓቱ ራንታይም በሚባሉ ትላልቅ የጋራ መሠረቶች ላይ ይቆማል፤ ለኖም ዴስክቶፕ የተሠሩ ፕሮግራሞች የኖምን፣ ለኬዲኢ ዴስክቶፕ የተሠሩ የኬዲኢን ራንታይም ይጋራሉ። አንድ ዓይነት ፋይል ሁለት ጊዜ ዲስክ ላይ እንዳይቀመጥም ብልሃት አለው። ግን ሁሉም ፕሮግራም በአንድ የራንታይም እትም አይስማማም። አንዱ አዲሱን ይፈልጋል፣ ሌላው ዘመኑ ያለፈበት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላለው ደግሞ ድራይቨሩ በተዘመነ ቁጥር ከእሱ እትም ጋር የሚገጥም ሌላ ቅጂ ለፍላትፓክ ለብቻው ይወርዳል። ከወራት በኋላ ዲስኩን የፈተሸ ሰው ማንም የማይጠቀምባቸው ጊጋባይቶች ተከምረው ያገኛል፤ የማያስፈልጉትን የሚጠርግ ትእዛዝ አለ፣ ነገር ግን ትእዛዙን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

መካከለኛውን ሰው አስወግደናል ማለትም ለካ ቀላል አይደለም። በፌብሩዋሪ 2025 ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለውን የቪዲዮ መቅጃ የሚሠሩት ሰዎች ፌዶራን በሕግ እንጠይቃለን እስከ ማለት ደረሱ። ፌዶራ በራሱ ማከማቻ የኦቢኤስን ፍላትፓክ ለብቻው አዘጋጅቶ ነበር፤ ያ ቅጂ ችግር ነበረበት፣ ከሠሪዎቹ ፍላትሃብ ላይ ካለው ይልቅ ቀድሞ ለተጠቃሚው የሚቀርበውም እሱ ነበር። አቤቱታው ሁሉ የሚመጣው ግን ለኦቢኤስ ነው። የፌዶራ ሰዎችም በበኩላቸው ፍላትሃብ ላይ ያለው የኦቢኤስ ቅጂ ጥገናው ባበቃ ራንታይም ላይ መቆሙን አነሡ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ነገሩ በንግግር ተፈታ፤ የዛዊንስኪ ጠብ ግን በአዲስ ፎርማት ተደግሟል። ፎርማቱ ተለወጠ እንጂ “ይህ ፕሮግራም የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ አልተለወጠም።

የደኅንነቱን ክርክር ስሰማ ሁለቱም ወገኖች ለራሳቸው የሚስማማቸውን ታሪክ ብቻ ሲጠቅሱ እታዘባለሁ። የአዲሶቹ ፎርማቶች ደጋፊ የ2008ቱን የዴቢያን ጉድ ያነሣል። የዴቢያን ጥቅል አዘጋጅ በምስጠራ ላይብረሪው በኦፕንኤስኤስኤል ኮድ ውስጥ ትርፍ የመሰለውን መስመር በማውጣቱ፣ ከ2006 ጀምሮ በዴቢያንና በኡቡንቱ የተፈጠሩ የምስጠራ ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው ተገኙ። በመካከል የገባው ሰው የሠሪውን ጤነኛ ኮድ አበላሸ። የአሮጌው ሥርዓት ደጋፊ በተራው የማርች 2024ቱን ይጠቅሳል። ኤክስዚ በተባለ የማመቂያ መሣሪያ ውስጥ፣ ለዓመታት እምነት ሲያተርፍ የኖረ ተባባሪ ስውር በር ደበቀበት፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ርቀት ላይ ካለ ማሽን ጋር ሲገናኝ በታየው የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ተጠራጥሮ ደረሰበት። የተበከለው እትም ወደ ዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎችና ወደ ፌዶራ የሙከራ እትሞች ደርሶ ነበር፤ ወደ ተረጋጋው ዴቢያን ግን አልገባም። የተሰደበው አዝጋሚነት አገር አዳነ።

ከስናፕ መደብር በኩልም የተጻፈ አለ። በ2018 የጨዋታ ስናፕ ውስጥ ክሪፕቶ የሚቆፍር ኮድ ተገኘ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ኤክሶደስ የተባለውን የቢትኮይን ቦርሳ የሚመስል ሐሰተኛ ስናፕ የአንድ ተጠቃሚን 9 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ወደ 490,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ ጠራርጎ ወሰደ። አጥሩ በትክክል ሠርቷል፤ ፕሮግራሙ ከአጥሩ አልወጣም። ባለቤቱ ራሱ ነው የቦርሳውን ምስጢራዊ ቃላት ያስገባለት። ፍላትሃብ በ2023 ከሠሪው እጅ መምጣቱ ለተረጋገጠ ፕሮግራም ምልክት መስጠት የጀመረው ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነው፤ ጥሩ እርምጃ ነው። ቢሆንም ፍላትሃብ ላይ ያለ ብዙ ፕሮግራም መላውን የግል ማኅደር እንዲያይ ተፈቅዶለት ይመጣል። አጥር አለ ማለት በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ፍላትሲል በተባለው መሣሪያ የየፕሮግራሙን ፈቃድ ማየትና ማጥበብ ይቻላል።

ከቅንብር ወሬ ወደ እኛው ሕይወት እንምጣ፤ ይህ ጉዳይ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ሲታይ ሌላ ክብደት አለው። ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀው ሁሉ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። በ700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ሙሉ ሥርዓቱ፣ ብራውዘሩ፣ የቢሮ ፕሮግራሙ ሁሉ ይገባ ነበር። ዛሬ የፋየርፎክስ ስናፕ ብቻውን ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ፍላትፓክን አዲስ የጀመረ ሰው ደግሞ ትንሽ የማስታወሻ ፕሮግራም ሲጭን ከራንታይሙ ጋር ጥቂት መቶ ሜጋባይት ያወርዳል። ሁለቱም ሲዘምኑ ልዩነቱን ብቻ ለማውረድ ይሞክራሉ፤ እውነት ነው፣ ይረዳል። ሆኖም ስናፕ በነባሪው በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ካገኘም ያወርዳል። ያልተገደበ መስመር ያለው ሰው ይህን አያስተውለውም። ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ በገዛው የዳታ ጥቅል የሚሠራ ተማሪ ግን ጥቅሉ “ሳይነካ” ሲያልቅ ምክንያቱን አያውቅም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ማዘመንን ላልተወሰነ ጊዜ ማቆም ተፈቅዷል፤ ይህን ለማግኘት ተጠቃሚዎች ዓመታት መጮኻቸውን ግን መርሳት አይገባም።

ሌላው ፍላሽ ነው። ፋይል በፍላሽ መለዋወጥ እኛ ዘንድ ገና አላለፈበትም። በጥብቅ የታጠረ ስናፕ ግን ተነቃይ ዲስክ ለማንበብ የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ከጭነቱ ጋር አይሰጥም። ፍላሹ ዴስክቶፑ ላይ ወለል ብሎ እየታየ ፕሮግራሙ ግን “የለም” ሲል፣ ሰው የሚያማርረው ፍላሹን ወይም ሊኑክስን ነው። ፈቃዱን ከቅንብር መስኮቱ ውስጥ በአንድ ጠቅታ መስጠት ይቻላል፤ ችግሩ እንዲህ ያለ ፈቃድ መኖሩን የሚነግርህ አለመኖሩ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍም ፈተናውን ቀምሷል። አይባስ በተባለው የመተየቢያ ሥርዓት በኩል በአማርኛ የሚተይብ ሰው አጥር ውስጥ ባለ ፕሮግራም ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ፊደሉ እንቢ ያለበት ጊዜ ነበረ፤ መተየቢያው ከአጥሩ ውጭ፣ ፕሮግራሙ ከውስጥ ስለሆነ የሚነጋገሩበት መንገድ መሠራት ነበረበት። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ያሉ የግዕዝ ፎንቶች ጉዳይ ግን ያን ያህል አያሳስብም፤ በዴብ በሥርዓቱ ላይ ከተጫኑ አጥር ውስጥ ያለውም ፕሮግራም በአብዛኛው ያነባቸዋል። ስለዚህ ፎንትና የመተየቢያ መሣሪያን ሁልጊዜ ከዲስትሮው ማከማቻ በዴብ መጫን ነው የሚሻለው።

ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት አሮጌው ዴብ አሁንም የሚስተካከለው የለም። አንዱ ማሽን የሚያወርዳቸውን ጥቅሎች አፕት እንዲያስቀምጣቸው ማድረግ ይቻላል፤ ተመሳሳይ እትም ላለው ለሌላው ማሽን በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር ካለ አፕት-ካሸር የሚባለውን አንዱ ላይ ጭኖ ሃያውም ማሽን ከእሱ እንዲጠጣ ማድረግ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ወርዶ ሃያ ጊዜ እንዲጫን ማድረግ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፍላትፓክም ፕሮግራሞችን ከነራንታይማቸው ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ትእዛዝ አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በደንብ ይሠራል። ስናፕንም ከነማረጋገጫ ፋይሉ አውርዶ ሌላ ማሽን ላይ መጫን ይቻላል። ለክፍል ሙሉ ኮምፒውተር እንደ አፕት-ካሸር የሚመች መካከለኛ ማከማቻ ግን በቀላሉ አይገኝለትም፤ መደብሩ የአንድ ድርጅት መሆኑ እዚህ ላይ በተግባር ይታያል።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ እንዴት ነው የምንይዛቸው? የአብዛኛው ሰው ችግር አንድ ፕሮግራም ከሁለት ቦታ መጫኑ ነው። ቴሌግራም ዴስክቶፕን ብቻ ብንወስድ በዴብ አለ፣ በስናፕ አለ፣ በፍላትፓክ አለ፣ ከቴሌግራም ገጽ ላይ ደግሞ ራሱን የሚያዘምን ቅጂ አለ። ሁለቱን የጫነ ሰው በዝርዝሩ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ምልክት ያያል፤ አንዱ ላይ ገብቷል፣ ሌላው ስልክ ቁጥር ይጠይቀዋል። ፋየርፎክስም ላይ እንዲሁ ነው፤ የዴቡ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችና ዕልባቶች በአንድ ማኅደር፣ የስናፑ በሌላ፣ የፍላትፓኩ በሦስተኛ ይቀመጣሉ። “ሁሉም ነገሬ ጠፋ” የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልጠፋበትም፤ የተሳሳተውን ምልክት ነው የነካው። በዚህ ድንጋጤ አንዱን ቅጂ ከነመረጃው ያጠፋ ሰው ግን በእውነት ያጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማጥፋትህ በፊት የአፕትን፣ የስናፕንና የፍላትፓክን ዝርዝር ለየብቻ አውጥተህ ተመልከት።

የእኔ አመዳደብ ይህ ነው። ሥርዓቱ የሚቆምበት ሁሉ፣ ማለትም ከርነል፣ ድራይቨር፣ ማተሚያ፣ ፎንት፣ የአማርኛ መተየቢያ፣ በዴብ ይሁን። በየወሩ የሚለዋወጡና ሥራህ በአዲሱ እትም ላይ የቆመባቸው፣ እንደ ቪዲዮና ሥዕል ማቀናበሪያ ያሉ፣ የማረጋገጫ ምልክት ካላቸው ከፍላትሃብ ይምጡ። ብራውዘር ኡቡንቱ ላይ በስናፕ ቢቀመጥ ዛሬ ነውር የለበትም፤ ከከበደህ ከሞዚላ የአፕት ማከማቻ ውሰድ፣ ነገር ግን ስናፑን አስወጥተህ። ገንዘብ የሚነካ ፕሮግራም፣ በተለይ የክሪፕቶ ቦርሳ፣ መደብር ላይ ፈልገህ በጭራሽ አትጫን፤ ከሠሪው ገጽ ተነሥተህ እሱ ወደሚመራህ ሂድ። ዊንዶውስና ማክ ይህ ጣጣ የለባቸውም ለሚል ደግሞ፣ አንዱ ፕሮግራም በመጫኛ ፋይል፣ ሌላው ከማይክሮሶፍት መደብር፣ ሦስተኛው ከ2021 ጀምሮ ዊንጌት በተባለው የማይክሮሶፍት መጫኛ ሲገባ እዚያም የሚሆነው ያው ነው፤ ልዩነቱ ሊኑክስ ላይ ስለ ነገሩ በአደባባይ መጣላታቸው ነው።

ፍላትፓክ በዴስክቶፑ ላይ የሚያሸንፍ ይመስለኛል። ቫልቭ በ2022 ያወጣው ስቲም ዴክ የተባለ የጨዋታ መሣሪያ ሥርዓቱን ለንባብ ብቻ ቆልፎ ተጨማሪ ፕሮግራሞች በፍላትፓክ እንዲጫኑ ማድረጉ፣ ፍላትሃብም በጃንዋሪ 2024 ንቁ ተጠቃሚዎቹ ከአንድ ሚሊዮን ማለፋቸውን ማስታወቁ ወደዚያ ያመለክታል። ስናፕ ኡቡንቱ እስካለ ድረስ ይኖራል፤ በሰርቨርና በአነስተኛ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ፍላትፓክ የማይሞክረውን ሥራ ይሠራል። ዴብም አይሞትም፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ሁለቱም የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን እስኪያጠፋ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ኡቡንቱን በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ግን አንድ ነገር ሳታደርጉ ዛሬ ኮምፒውተራችሁን አትዝጉ። በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ የስልካችሁን ሆትስፖት የሚቆጠር መስመር እንደሆነ አመልክቱ፤ ስናፕም በሚቆጠር መስመር ላይ እንዳያዘምን የሚያደርገውን ቅንብር አብሩ። ብቻውን የመጀመሪያው አይበቃም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዋይፋይ ባገኛችሁ ጊዜ ደግሞ ሦስቱንም፣ አፕትን፣ ስናፕንና ፍላትፓክን፣ በእጃችሁ አዘምኑ፤ የቆመ ማዘመኛ የደኅንነት ጥገናውንም አብሮ ያቆማልና።